አንድም ቀን ያልጎደለው መዝገብ

እኔ ሐሙስን አልወድም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የክፍላችንን የምርምር ሴሚናር ሳዘጋጅ ኖሬ፣ አንድም ቀን ደስ ብሎኝ ያንን ደረጃ ወጥቼ አላውቅም። ሦስተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ እኔ ስቀጠር "በጥገና ላይ" ነበር፤ ዛሬም በጥገና ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ወንበሮች ግማሾቹ አንድ እግራቸው አጭር ስለሆነ፣ ሰው ጥያቄ ሊጠይቅ ሲነቃነቅ ሁሉ ሲጢጥ ይላሉ። በሩ ላይ የተግባራዊ ሒሳብ፣ የይሆናልነትና የስታቲስቲክስ ምርምር ብለን ጽፈናል፤ ወንበር ማስተካከል ግን አቅቶናል።

ሴሚናር ማለት ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። አንዱ ሰሌዳ ፊት ይቆምና የሠራውን ያሳያል፤ የቀረነው የት ላይ እንደተሳሳተ እንፈልጋለን። ጨዋዎቹ "አንድ ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ" ብለው ይጀምሩና ሰውየውን ላብ በላብ አድርገው ይቀመጣሉ። ከመሥራቹ መምህራችን የወረስነው አንድ ሕግ ደግሞ አለን። ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰው ቁጥሩ መጀመሪያ የተጻፈበትን ወረቀት ራሱን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ አለበት። ግልባጭ አይሆንም፣ ኮምፒውተር ላይ የተተየበም አይሆንም። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ "እጅ የነካውን አሳዩኝ" ይሉ ነበር።

ዛሬ የማወራው ሐሙስ ሐሙስ ይመጡ ስለነበሩ አንድ አዛውንት ነው። ሁላችንም "ባለ ዘንጉ" ነበር የምንላቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ድልድይ ሥር፣ ምሰሶው ላይ ቀይና ነጭ የተቀባ የብረት መለኪያ ዘንግ ተቸንክሯል። እሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ማታ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የድንጋዩን ደረጃ እየወረዱ የወንዙን ከፍታ ከዘንጉ ላይ ያነቡና መዝገብ ላይ ያሰፍሩ ነበር። በቀን አንድ ቁጥር። ሌላ ሥራ አልነበራቸውም።

"ቀላል ሥራ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው አንድ ቀን። አፌ አያርፍም።

"ቀላል ነው" አሉኝ። "ውሃው ቆሞ ቢጠብቅሽ።"

ውሃ እንደማይቆም ያስረዱኝ የዚያን ቀን ነው። ሞገዱ ይወጣል ይወርዳል፤ ሰነፍ አንባቢ ከፍ ሲል ያየውን ጽፎ ይሄዳል። ደህናው አንባቢ ቁጢጥ ብሎ ሲወጣም ሲወርድም ይጠብቅና መሃሉን ይይዛል። ሲያወሩ ጣታቸው አየር ላይ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። አንድ ነገር ግን ገርሞኝ ነበር። እኔ ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ እሳቸው ሰባዎቹን አልፈዋል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ "ልጄ" ይለኛል። እሳቸው ግን አንድም ቀን አላሉኝም። "ዶክተር" ነው የሚሉኝ፣ ያውም ፈራ ተባ እያሉ። ኩራት መስሎኝ ነበር።

ወደኛ የመጡት ጡረታ በወጡ በዓመቱ ነው። ከሀገሩ ወንዞች ሁሉ ሳይቋረጥ ረጅም ዘመን የተጻፈለት የእሳቸው ወንዝ ነውና፣ መረጃውን እኔ ወስጄ ምርምር ጀመርኩ። ለመጀመሪያው ገለጻ ሠላሳ አንዱን ጥራዝ ከውሃ መሥሪያ ቤቱ መጋዘን ማን ያግዘው? የክፍላችን ኃላፊ መላ አመጣ። ኃላፊያችንን ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ስለማያውቅ "ኮማ" ነው የምንለው። ኮማ የተተየበውን ግልባጭ ተቀብሎ፣ በመዝገቡ ፈንታ ባለ ዘንጉን አስጠራቸው። "መዝገቡ ባይመጣ ጸሐፊው መጥተዋል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንድም ቀን ሳይጎድል፣ ይህ ማለት እንግዲህ…" እያለ አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ ያሽከረክሩ ነበር። እኛ ትሕትና ነው አልን።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ አልቀሩም። ማንም ኑ አላላቸውም፣ ማንም አትምጡ አላላቸውም። የኋለኛው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር የሳቸው ሆነ። እኛ በቀመር ስንጨቃጨቅ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። የገባቸው ነገር ይኖር እንደሆን እንጃ፤ ግማሻችንም አይገባን። የወንዙ ሥዕል ግድግዳው ላይ ሲበራ ግን ሰውየው ይለወጣሉ። ነጥቦቹ ከዓመት ዓመት ተደርድረው ሲያልፉ፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፤ ኮፍያው መሽከርከሩን ያቆማል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ አየኋቸውና ዓይኔን ወደ ሰሌዳው መለስኩ።

ያንን ቦታ እኔም አውቀው ነበርና ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ምርምሩን በጀመርኩ በዓመቱ፣ የዛሬ ሃያ አራት ዓመት የተጻፉ ዘጠኝ ቀናት ላይ ዓይኔ ተተከለ። ባለ ዘንጉ እንደማንኛውም ሰው ናቸው። ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ በዜሮ ወይም በአምስት ያልቃል፣ ውሃው ካልተነቃነቀ የትናንቱን ደግመው ይጽፋሉ። የእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ቁጥሮች ግን አንዱም በዜሮ አያልቅም፣ አንዱም በአምስት አያልቅም፣ አንዱም አይደገምም። አንድ ሜትር ከሃያ ሦስት፣ ከሃያ ስድስት፣ ከሃያ አራት፣ ከሃያ አንድ፣ እያለ ይቀጥላል። ሰው ቁጥር ከሆዱ ሲያወጣ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ድግግሞሽ ይፈራል። ሐሰቱ ከእውነቱ ይልቅ ትጉህ ሆኖ ተገኘ። ጥርጣሬዬን ለማጥፋት ከወንዙ በላይ ያለውን የዝናብ ጣቢያ መዝገብ ብመለከት፣ ከዘጠኙ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተሰምቶ የማይታወቅ ዝናብ ወርዷል። ላይ እንደዚያ ዘንቦ ታች ወንዙ አንድ ሜትር ከሃያ ሦስት። ይህን ማን ያምናል?

እኔ አመንኩ። ማለቴ ያመንኩ መሰልኩ። ጽሑፌ ሊታተም ነው፣ ኮማ በየስብሰባው "አንድም ቀን ያልጎደለው" እያለ ስሜን ይጠራል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ለሦስት ዓመት። ባለቤቴ አንድ ቀን ሳህን ሳጥብ ሰማኝና "ምንድነው የምትቆጥሪው?" አለኝ። ለካ ዘጠኙን ቁጥር በተራ እያነበነብኩ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ታክሲ ውስጥ፣ ሌላ ጊዜ ፈተና ሳርም፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ አራት። እኔ መንፈስ ምናምን የማምን ሰው አይደለሁም። ቁጥር ግን ሰው ላይ እንደሚሰፍር አይቻለሁ።

ነገሩ ዋዛ መሆኑ የቀረው የከተማው ሰዎች ሲመጡ ነው። ከድልድዩ ዝቅ ብሎ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሠሩ አስበዋል። ወንዙ በመቶ ዓመት አንዴ ቢሞላ እስከ የት እንደሚደርስ ሴሚናሩ እንዲነግራቸው ጠየቁ። ስሌቱ የእኔ ነው፤ በመዝገቡ መሠረት ሦስት ሜትር ከአሥራ ሁለት። ሜዳው ዝቅ የሚለው ቦታ ሦስት ሜትር ከሰባ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው አይደርስበትም፤ ይሠራ። የከተማው መሐንዲስ በሚቀጥለው ሐሙስ መጥቶ ገለጻዬን ሰምቶ ሊፈርም ቀጠሮ ተያዘ። ኮማ ደግሞ ለእንግዳ ክብር ብሎ፣ በሕጋችን መሠረት የዚያን ዘመን ጥራዝ ራሱን ከመጋዘን አስመጣልኝ።

ሰኞ ዕለት ጥራዙን ከፈትኩት። ሌላው ገጽ ሁሉ የተለያየ ነው፤ አንዱ ቀን ብዕሩ ደብዝዟል፣ አንዱ ቀን ዝናብ ነጠብጥቦበታል፣ አንዱ ቀን ጭቃ የነካው አውራ ጣት ታትሞበታል። ዘጠኙ ቀናት ግን ንጹሕ ናቸው። በአንድ ብዕር፣ በአንድ ጊዜ፣ ጠረጴዛ ላይ የተጻፉ ናቸው። ጥራዙን ዘጋሁት።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ከድልድዩ በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ መስኮቱ በወንዙ በኩል ሳይሆን በመንገዱ በኩል የተከፈተ። ሌላ መስኮት የነበረበት ቦታ በብሎኬት ተደፍኗል። ባለቤታቸው በሩን ከፈቱልኝ። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚያወሩ ሴት ናቸው። ከሴሚናሩ መሆኔን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

"ከመዝገቡ ሰዎች! ግቢ፣ ግቢ በሞቴ። እሱ ጓሮ ነው፣ እጠራዋለሁ።"

ሻይ አቀረቡልኝ። ግድግዳው ላይ የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ አለ፤ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ደብተር በደረቷ አቅፋለች። ዓይኔን ተከትለው አዩኝ።

"አንዷ ልጃችን ናት" አሉ። "ወንዙ ነው የወሰዳት። እኔ እናቴ ታማብኝ ሌላ ከተማ ነበርኩ። ቁጥር ትወድ ነበር፤ እሱ ሲደክመው እሷ ነበረች ሮጣ የምታነብለት። ያን ማታም አሞት ተኝቶ ላካት፤ የድልድዩ ደረጃ ላይ አዳለጣት። ጎረቤት ወንዙ ሞልቶ ነበር እያለ ሊያሳብደኝ ነበር። እሱ መዝገቡን አምጥቶ አሳየኝ። አንድ ሜትር ከሃያ ሦስት። ከደረቷ አያልፍም። እግር ካዳለጠ ምን ይደረጋል፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ሰው ያወራል፤ መዝገብ አይዋሽም። ይኸው በዚያች ቁጥር ነው የኖርኩት።"

ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ባለ ዘንጉ በጓሮው በር ላይ ቆመው ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ አላውቅም። ፊታቸውን ሳይ ማስረዳት እንደማያስፈልገኝ ገባኝ።

"ዶክተርን ልሸኛት" አሉ ለባለቤታቸው፤ ገና መቀመጤ ነበር።

አጥሩ ጋ ደርሰን ቆምን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አገኘሽው" አሉኝ።

"ካገኘሁት ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ጋሼ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "አራት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ የመጣሁት ዛሬ ያገኙታል፣ ዛሬ ያገኙታል እያልኩ ነው። ይህን ያህል የተማረ ሰው ተሰብስቦ እንዴት አያገኘውም ብዬ… ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

ምን ልበላቸው? "ደስ ብሎኝ ስለነበር" አልኳቸው። እውነቱ ይኸው ነው።

ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። "እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ዘንጉን በዓይንሽ ሳታዪ ቁጥር አትጻፊ ብያት ነበር። ሌላ ልጅ ቢሆን ድልድዩ ላይ ሆኖ ውሃውን ሲያይ ይመለሳል። እሷ ወረደች።"

አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ግን ወደ መጣሁበት ነገር መመለስ ነበረብኝ። ትምህርት ቤቱ የት ሊሠራ እንደሆነ ነገርኳቸው። መዝገቡ ላይ እምነት የለኝም ብዬ ሐሙስ ዕለት እንደምናገርም ነገርኳቸው። "ግን አላውቅም ማለት ብቻ አይበቃም፣ ጋሼ። መሐንዲሱ ቁጥር ነው የሚፈልገው። እኔ አላውቅም ካልኩ ሦስት ሜትር ከአሥራ ሁለቱን ወስዶ ይሄዳል፤ ሌላ ቁጥር የለማ። ያን ማታ ውሃው የት እንደደረሰ የሚያውቅ ካለ እርስዎ ብቻ ነዎት።"

ወደ ቤቱ ዞረው አዩ። ከውስጥ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል፤ ባለቤታቸው እያነሡ ነው።

"እሷ በዚያች ቁጥር ነው የምትኖረው" አሉኝ። "ሰማሽ አይደል?"

"ሰማሁ።"

"ያቺን ከወሰድሽባት ምን ይቀራታል?"

የአጥሩን በር ዘግተው ገቡ።

ሐሙስ ዕለት ክፍሉ ሞልቶ ነበር። መሐንዲሱ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ኮማ አጠገቡ ሆኖ "አንድም ቀን ያልጎደለ" የምትለዋን ከወዲሁ ሹክ እያለለት ነው። በበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ተነሣሁ። ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ገጹን አሳየሁና እነዚህ ዘጠኝ ቁጥሮች ዘንጉን ሳያዩ ከሆድ የተጻፉ ናቸው፣ እኔም ይህን አውቄ ሦስት ዓመት ደብቄያለሁ አልኩ። ወንበሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲጢጥ አሉ። ኮማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓረፍተ ነገር ጨረሰ፦ "ተቀመጪ" አለኝ።

አልተቀመጥኩም። መሐንዲሱ በትዕግሥት ሰምቶኝ "መልካም፣ ታዲያ ሦስት ከአሥራ ሁለቱ ትክክል ካልሆነ ስንት ብለን እንጻፍ?" አለ።

"አላውቅም።"

"ዶክተር፣ እኔ አላውቅም ላይ ግንብ አላቆምም። ያለንን ቁጥር እንይዛለን እንግዲህ" ብሎ እስክሪብቶውን አወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራው ነው።

በሩ የተከፈተ ያኔ ነው። ባለ ዘንጉ ኮፍያቸውን ይዘው ገቡ። ከኋላቸው ባለቤታቸው ነበሩ፤ ለሠርግ የሚሄዱ ይመስል አምረው ለብሰዋል። ባላቸው እንደገና የሚመሰገኑ መስሏቸው ነው ደስ ብሏቸው የመጡት። በኋላ እንደገባኝ፣ ሰውየው ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ ሊነግሯቸው ሞክረው አልወጣላቸውም። እኛ ዘንድ ግን የተጠየቀ ሰው ይመልሳል፤ አራት ዓመት ያዩት ይህንን ነው።

ባለቤታቸውን በዚያ ወንበር አስቀመጡና ቆመው "አራት ሜትር ከአርባ ስድስት" አሉ።

መሐንዲሱ "ምኑ?" አለ።

"ውሃው። ያን ማታ። መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው፤ የሐዘኑን ስምንት ቀንም ዘንጉን ሳላይ ነው የሞላሁት። በማግስቱ ጠዋት ወርዶ ነበር፤ ሜዳው ያኔም ባዶ ስለነበር እስከ የት እንደደረሰ ያየ የለም። ከድልድዩ በታች ሠላሳ እርምጃ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ግንዱ ላይ ጭቃው መስመር ሠርቶ ነበር። ውሃ በሁለቱ ጫፍ እኩል ስለሚቆም፣ ላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቼ፣ አንዱን ጫፍ ዘንጉ ላይ አሥሬ፣ መስመሩን ለካሁት።"

መቼም እኛ ሰዎች አይደለንም። አዲሱ ዶክተራችን፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም፣ እንደለመደበት እጁን አወጣ። "አንድ ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ። መስመሩ የሌላ ጊዜ ጎርፍ አለመሆኑን በምን አወቁ?"

"የልጄ ሹራብ መስመሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር" አሉ ባለ ዘንጉ።

ዶክተሩ እጁን ማውረድ ረሳ። አፉ ግን ልማዱን አልተወም፤ ቀስ ብሎ፣ ራሱም ሳይሰማው ይመስለኛል፣ "የልኬቱ ስህተትስ?" አለ። በጥፊ ባጠናግረው ደስ ባለኝ። አዛውንቱ ግን አልተቆጡም። እንዲያውም ያን ጥያቄ ሃያ አራት ዓመት የጠበቁት ይመስል ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ከሁለት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም" አሉ። "ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ።"

መሐንዲሱ ጻፈ። እኔም ሌላ ነገር ማድረግ ስላልቻልኩ ቁጥሯን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁ። ግድግዳው ላይ ከነዚያ ሁሉ ነጥቦች በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አንዲት ነጥብ ብቻዋን በራች። የመቶ ዓመቱ ስሌት ከሜዳው በላይ ወጣ።

ባለቤታቸው ተነሥተው ወደ ግድግዳው መጡ። ነጥቧን አዩ፤ ከዚያ ታች፣ ከሌሎቹ መሃል ያለችውን የሃያ ሦስቷን ቦታ በጣታቸው ፈለጉ። አሳየኋቸው። በሁለቱ መሃል ያለውን ግድግዳ በእጃቸው መዳፍ ዳበሱት።

"ይህን ያህል ነበር?" አሉ ወደ ባላቸው ሳይዞሩ።

"ይህን ያህል።"

"እያየህ ላክሃት?"

"አላየሁም። ትኩሳት ነበረብኝ፣ ተኝቼ ነበር።" በዚያ ማለቅ ይችል ነበር። እኔ በልቤ በዚያ እንዲያልቅ ለመንኩ። "ድምፁን ግን እሰማ ነበር" አሉ።

ሴትዮዋ ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። ባለ ዘንጉ ተከትለዋቸው ሲሄዱ ደረጃው ላይ የሁለት ሰው ኮቴ ይሰማ ነበር፤ አንዱ ፈጠን ያለ፣ አንዱ ወደ ኋላ የሚቀር።

ትምህርት ቤቱ ላይኛው መንገድ ዳር ይሠራ ተባለ። እኔ ጽሑፌን ሰረዝኩ፤ ኮማ አኮረፈኝ፤ ይሁን። ባለ ዘንጉ ሐሙስ መምጣት ተዉ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ቢሮዬ ውስጥ ፈተና ሳርም በሩ ተንኳኳና ባለቤታቸው ብቻቸውን ገቡ። ከስተዋል። ሻይ ልዘዝልዎት ብላቸው እምቢ አሉ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት" አሉኝ። "አንቺ የዚህ ነገር ባለሙያ ነሽ። ያን ማታ ውሃው እንደዚያ እንደሚመጣ ሊያውቅ ይችል ነበር ወይ? ዝም ብለሽ አታጽናኚኝ። በቁጥር ንገሪኝ።"

ወረቀት ሳብኩ። "መዝገቡን ብቻ ለሚያውቅ ሰው፣ እትዬ፣ በአንድ ተራ ቀን እንደዚያ ያለ ውሃ የመምጣቱ ነገር ከሠላሳ ሺህ አንድ ነው። ቢያንስ።"

"ከሠላሳ ሺህ አንድ" ብለው ደገሙት። ትከሻቸው ትንሽ ወረደ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ባቆም ያንን ቁጥር ይዘው ወጥተው በሱ ሊኖሩ ነው። አንዴ ግን ዝም ብዬ አይቼዋለሁ።

"ድምፁን ለሰማ ሰው ግን ቁጥሩ ሌላ ነው" አልኳቸው።

"ስንት?"

"ያን ዝናብ እየሰማ፣ የወንዙን ድምፅ እቤቱ ተኝቶ የሚሰማ ሰው ከሆነ… ከሁለት አንድ። ምናልባት ከዚያም በላይ።"

ወረቀቱን አዩት። እኔን አላዩኝም። ከደጅ ተማሪዎች እየተሳሳቁ አለፉ።

"እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት" አሉ በመጨረሻ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ በሩን ከፍተው እጀታውን እንደያዙ ቆሙ።

"አምሽቻለሁ" አሉ። "ራቱን ማን ይሰጠዋል።"